ከለንደን መዛግብት እስከ ስዋርዝሙር ሆል፦ ለኩዌከር ታሪክ ተመራማሪዎች አዳሪ የጥናት ቆይታ የማዘጋጀት መመሪያ

አዳሪ የጥናት ቆይታ ማለት ጥቂት ተመራማሪዎች ከማስተማርና ከቢሮ ሥራ ተለይተው፣ በአንድ ቤት እያደሩና ከአንድ ማዕድ እየበሉ፣ የጀመሩትን ጽሑፍ ወደፊት የሚገፉበት የጥቂት ቀናት ጊዜ ነው። እንደ ጉባኤ ሁሉም ተራ በተራ ተነሥቶ ወረቀት የሚያነብበት አይደለም። ሱባኤም አይደለም፤ ሆኖም ከሰው መለየቱንና የቀኑን ሰዓት መጠበቁን ከሱባኤ ይዋሳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ የኩዌከር (በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የተነሣ፣ አባላቱ «ወዳጆች» የሚባሉበት የክርስትና እንቅስቃሴ) ታሪክ አጥኚዎችን ለስድስት ሌሊት ለማሰባሰብ ላሰበ አዘጋጅ ሲሆን፣ በምሳሌነት የወሰድነው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በአልቨርስተን ከተማ ዳር የሚገኘውን ስዋርዝሙር ሆልን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ቤቱና ወረቀቱ የተለያየ ቦታ እንዳሉ ማወቅ

ስዋርዝሙር ሆል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራ የፌል ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። የኩዌከሮች መሥራች ጆርጅ ፎክስ በ1652 ወደዚህ ቤት ሲመጣ የቤቱ እመቤት ማርጋሬት ፌል ትምህርቱን ተቀበለች። ባሏ ዳኛ ቶማስ ፌል ራሱ ኩዌከር ባይሆንም የኩዌከሮቹ የአምልኮ ስብሰባ በቤቱ እንዲካሄድ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ እየዞሩ የሚሰብኩት፣ በየእስር ቤቱም የተጣሉት ወዳጆች የሚጽፉት ደብዳቤ ወደዚህ ቤት ይጎርፍ ጀመር፤ ማርጋሬትም እየተቀበለች ታስቀምጠው፣ ለተቸገሩት በኬንዳል ከተሰበሰበው ገንዘብ እንዲደርሳቸው ታደርግ ነበር። የኩዌከሮች የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ በብዛት የሚጻፈው ከእነዚህ ደብዳቤዎች ነው።

ይሁን እንጂ ደብዳቤዎቹ ዛሬ በስዋርዝሙር የሉም። 1,400 ያህሉ ለንደን ውስጥ በዩስተን መንገድ በሚገኘው ፍሬንድስ ሀውስ፣ በወዳጆች ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ይህን ሳያውቅ «ምንጩ ጋ እሄዳለሁ» ብሎ በቀጥታ ወደ አልቨርስተን የሚጓዝ ተመራማሪ የሚያገኘው ግድግዳውን፣ የቆየውን የቤት ዕቃና የአትክልቱን ስፍራ ነው። እነዚህም የራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ማንኛው ክፍል ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ዳኛው ከስብሰባው ምን ያህል ርቆ ይቀመጥ እንደነበር ከወረቀት ይልቅ ከቤቱ ይታወቃል። ነገር ግን ስድስት ሌሊት ሙሉ ግድግዳ እያዩ መጽሐፍ አይጻፍም። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብ መዝገቡ በቅድሚያ ለንደን ላይ ይነበብ፣ ጽሑፉ ደግሞ ስዋርዝሙር ላይ ይጻፍ የሚል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነው።

በነገራችን ላይ የቆዩ መመሪያዎች ተመራማሪዎችን ወደ በርሚንግሃም፣ ወደ ዉድብሩክ ይልካሉ። ዉድብሩክ በ1903 በጆርጅ ካድበሪ የቀድሞ መኖሪያ ቤት የተከፈተ፣ ትውልድ ያስተማረ ተቋም ነበር፤ ሕንፃው ግን በ2023 ተዘግቷል። ተቋሙ ትምህርቱን በኢንተርኔትና በሌሎች ቦታዎች ስለቀጠለ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት አይቻልም፤ አልጋና ማዕድ ፍለጋ ግን ወደዚያ አይኬድም። አሜሪካ የሚኖር አዘጋጅ በፔንስልቬንያ ዎሊንግፎርድ ያለውን በ1930 የተመሠረተውን ፔንድል ሂልን ሊያስብ ይችላል። እዚያ ለሥራው የሚመቸው የስዋርዝሞርና የሃቨርፎርድ ኮሌጆች የኩዌከር መዛግብት በአቅራቢያው መኖራቸው ነው። በእንግሊዝ ከመዛግብቱ እስከ ማደሪያው በባቡር የሚሸፈነው ርቀት እዚያ በመኪና አጭር መንገድ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ሰዎቹን መምረጥ

ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይበልጥ። አንደኛው ገጽ የሚጻፈው ምዕራፍ ወይም ጽሑፍ ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ አመልካቹ እስካሁን ያነበባቸውንና ገና ሊያነብባቸው የሚፈልጋቸውን መዛግብት ከነመለያ ቁጥራቸው ይዘርዝር። መለያ ቁጥር መጻፍ ያልቻለ አመልካች ጥናቱ ገና በሐሳብ ደረጃ ያለ ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲዘጋጅ በትሕትና መምከር ይሻላል። ይህ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ያልተዘጋጀ አንድ ሰው የሌሎቹንም ጠዋት በጥያቄ ይበላል።

በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ቁጥር ያላቸው ኩዌከሮች የሚኖሩት በኬንያ ነው፤ የስብከት ሥራቸው በዚያ አገር፣ በካይሞሲ፣ የተጀመረው በ1902 ነበር። ስለዚህ ከተጋበዙት ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካን ታሪክ የሚያጠና ሰው ከሌለ የስም ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው። ቪዛም ሆነ የአውሮፕላን ዋጋ ከሁሉ የሚከብደው በእነዚህ ተሳታፊዎች ላይ በመሆኑ፣ የድጋፍ ገንዘቡ በቅድሚያ ለእነርሱ ይመደብ፤ የግብዣ ደብዳቤውም ቢያንስ ከአራት ወር በፊት ይላክ። በደብዳቤው ላይ የቆይታው ቀን፣ የማደሪያው አድራሻ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና እንግዳው ደመወዝ እንደማይከፈለው በግልጽ መጻፍ አለበት።

ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ሰፊ ሜዳ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወዳጆች አምቡላንስ ክፍል አባላት ከ1942 ጀምሮ በኢትዮጵያ በሕክምና ሥራ አገልግለዋል። እነዚህ ወጣቶች መሣሪያ ላለመያዝ በሕሊናቸው የወሰኑ ነበሩ፤ የክፍሉም መዛግብት በዚያው በፍሬንድስ ሀውስ ይገኛሉ። የእንግሊዝኛውን ሪፖርት ከአማርኛ ሰነድና ከአገሬው ትዝታ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ሊያነብ የሚችል ሰው ለቆይታው ትልቅ ሀብት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ፦ የለንደኑ ንባብ

ከስዋርዝሙር በፊት ሁለት ወይም ሦስት የሥራ ቀን ለቤተ መጻሕፍቱ ይመደብ። የሚከፈትባቸውን ቀናት በቅድሚያ ጠይቆ ማረጋገጥ፣ የሚፈለጉትንም መዛግብት ዝርዝር ከሳምንታት በፊት መላክ ያስፈልጋል፤ አሥር ሰው በአንድ ጠዋት ሳይጠራ ቢመጣ የትኛውም የንባብ ክፍል ይጨናነቃል። ተሳታፊዎች እርሳስ፣ መታወቂያና የፎቶ ማንሻ ይዘው ይሂዱ፤ ፎቶ ማንሣት የሚፈቀድበትን ሁኔታም ጠይቀው ይወቁ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጎን የመዝገቡንና የገጹን ቁጥር ወዲያው መጻፍ ግዴታ መሆን አለበት፤ ስዋርዝሙር ከደረሱ በኋላ ቁጥር የሌለው ፎቶ ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

የዚህ ቤተ መጻሕፍት አጀማመር ለአጥኚ ስለሚጠቅም ቢታወቅ መልካም ነው። በ1673 ወዳጆች የጻፉት መጽሐፍ ሁሉ ሁለት ሁለት ቅጂ፣ በእነርሱ ላይ የተጻፈው ደግሞ አንድ አንድ ቅጂ እንዲሰበሰብ ተወሰነ። ሰዎቹ የሚሰድቧቸውንም አልጣሉትም። በዚህም ምክንያት ክርክሩን ከሁለቱም ወገን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ብዙ ተመራማሪ ግን የወዳጆቹን ጽሑፍ ብቻ ጠይቆ ይወጣል። የልደት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ዋናዎቹ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በኪው፣ አር ጂ 6 በሚለው ክፍል እንዳሉ ይወቅ።

አራተኛው ደረጃ፦ የቀንና የቃላት ወረቀት ማዘጋጀት

አዘጋጁ ከሁሉ በላይ ሊደክምበት የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ሁለት ገጽ ያለው ወረቀት ይታደል፤ አንደኛው ስለ ቀን አቆጣጠር፣ ሌላው ስለ ቃላት።

ኩዌከሮች የቀናትንና የወራትን ስም ከጣዖት ስም የመጣ ነው ብለው ስለተዉት በቁጥር ይጽፉ ነበር። እሑድን አንደኛ ቀን፣ ረቡዕን አራተኛ ቀን፣ ሐሙስን አምስተኛ ቀን ይላሉ። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ሲሆንበት፣ እኛ ግን አብዛኞቹ የቀን ስሞቻችን ራሳቸው ከግእዙ ቁጥር የመጡ በመሆናቸው ሳናስበው እንረዳዋለን። ወራቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ አዲሱ ዓመት የሚጀምረው በማርች 25 ስለነበር፣ የኩዌከሮች አንደኛ ወር ማርች ነው እንጂ ጃንዋሪ አይደለም። በመሆኑም አንድ ደብዳቤ «የ11ኛው ወር 3ኛ ቀን፣ 1659» የሚል ቢሆን ኖቬምበር 1659 አይደለም፤ በዛሬው አጻጻፍ ጃንዋሪ 3፣ 1660 ነው። ወሩም ዓመቱም ስለሚዛባ አንድ ስህተት ሁለት ይሆናል። ከ1752 በኋላ አንደኛው ወር ጃንዋሪ ሆነ፤ ስለዚህ ያው ቁጥር በሁለት ዘመን ሁለት ወር ያመለክታል። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ባለው ጊዜ የተጻፈ ማንኛውም ደብዳቤ 1659/60 በሚል በሁለቱም ዓመት ይመዝገብ። እንግሊዝ ያን ጊዜ በጁልየስ አቆጣጠር ትመራ ስለነበር በአህጉረ አውሮፓ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከተጻፈ ደብዳቤ ጋር ሲነጻጸር በ17ኛው ክፍለ ዘመን የ10 ቀን ልዩነት ይኖራል። መስከረምን ከሴፕቴምበር እያዛመደ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ስሌት አይፈራውም፤ በቆይታው ውስጥም ብዙ ጊዜ የቀን ዳኛ ሆኖ ይገኛል።

የቃላቱ ገጽ በተለይ ወደ ሌላ ቋንቋ ለሚተረጉሙ ተሳታፊዎች ነው። የመጀመሪያዎቹ ኩዌከሮች ለአንድ ሰው በብዙ ቁጥር መናገርን እንደ ሽንገላና እንደ ውሸት ይቆጥሩ ነበር፤ ስለዚህ ዳኛውንም ሹሙንም በነጠላ ይጠሩ፣ ባርኔጣቸውንም አያወልቁለትም ነበር። ይህን ነገር እንደ አማርኛ አድርጎ የሚገልጥ ቋንቋ ጥቂት ነው፤ እኛም አክብሮትን የምንገልጸው ግሡን በብዙ ቁጥር በማውጣት ነውና። ፎክስ ለዳኛ የተናገረውን «እርስዎ» ብሎ የተረጎመ ሰው ጽሑፉን ጨዋ አደረገ እንጂ የታሰሩበትን ምክንያት ሰረዘ። «አንተ» ተብሎ ይተርጎም፤ የአንባቢው ጆሮ ቢቆረቆር ትርጉሙ ልክ መሆኑን ያሳያል። በተመሳሳይ መንገድ «ጉባኤ»፣ «ወዳጅ»፣ «ውስጣዊ ብርሃን»፣ «መከራ» የሚሉት ቃላት በወረቀቱ ላይ ከነፍቻቸው ይቀመጡ። «መከራ» በኩዌከር መዝገብ የልብ ኀዘን ብቻ አይደለም፤ የተወሰደ ላም፣ የተከፈለ ቅጣት፣ የታሰረበት ቀን ሁሉ በቁጥር የሚጻፍበት የመዝገብ ዓይነት ስም ነው።

አምስተኛው ደረጃ፦ ጉዞውና ማደሪያው

ፍሬንድስ ሀውስ ከዩስተን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት መሆኑ ለዚህ ዕቅድ የተመቸ ነው። የንባቡ የመጨረሻ ቀን ሲያልቅ መንገድ ተሻግሮ ባቡር መሳፈር ይቻላል። እስከ ላንካስተር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ እዚያ ባቡር ቀይሮ በሞርካምቤ ባሕረ ሰላጤ ዳር አልፎ አልቨርስተን ለመድረስ አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በዚህኛው ባቡር ባሕሩን ለማየት በግራ በኩል ይቀመጡ። ከጣቢያው እስከ ሆሉ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሻንጣ ላላቸው ታክሲ ይዘጋጅ። ቤቱ ከ1954 ጀምሮ የወዳጆች ማኅበር ንብረት ቢሆንም፣ የማደሪያ አገልግሎቱ ቆይታው በሚደረግበት ዓመት መኖሩን፣ የክፍሎቹን ብዛትና የኢንተርኔቱን ጥራት ቀን ከመቁረጥ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ የአዘጋጁ የመጀመሪያ ደብዳቤ ይሁን። ለሁሉም ሰው አንድ ክፍል ማዳረስ ካልተቻለ የሰው ቁጥር ይቀነስ፤ ሌሊት የሚጽፍና ሌሊት የሚያንኮራፋ አንድ ክፍል ካደሩ ሁለቱም አይሠሩም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ። የኦርቶዶክስ ጾም ላይ ያለ ተሳታፊ ካለ ለወጥ ቤቱ «ቬጀቴሪያን» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ቅቤ፣ እንቁላልና አይብ ይቀርብለታልና። «ቪጋን» ተብሎ ይጻፍ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደማይበላም ይጨመር።

ስድስተኛው ደረጃ፦ የቀኑ ሥርዓት

ሰዓቱን እዚህ እንደ ሀገራችን እንጽፋለን፤ በሚታደለው መርሐ ግብር ላይ ግን በእንግሊዝ ሰዓት ብቻ ይጻፍ፤ ያለዚያ አንዱ ለቁርስ ሌላው ለእራት ይመጣል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀትር 6 ሰዓት ተኩል ማንም ከማንም ጋር የማይነጋገርበት የጽሕፈት ጊዜ ነው። ከምሳ በኋላ እስከ 9 ሰዓት የእግር ጉዞና ዕረፍት፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ደግሞ ሁለት ሁለት እየሆኑ የእጅ ጽሑፍ ፎቶዎችን አብሮ ማንበብ ይሁን። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ አጻጻፍ ለአንድ ዓይን ከባድ ሲሆን፣ ለሁለት ዓይን ግን ብዙ ጊዜ ይፈታል። ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ሰው ብቻ ረቂቁን ያነብባል። በስድስት ሌሊት ስድስት ሰው ብቻ ያነብባል ማለት ነው፤ የቀሩት ቅር ቢሰኙም ቁጥሩ አይጨመር። መርሐ ግብሩን በንግግር መሙላት የአዘጋጆች ሁሉ ፈተና ነው፤ ከስንት መቶ ኪሎ ሜትር የመጣ ሰው ግን የመጣው ጠዋት ለሚጽፍበት የሦስት ሰዓት ተኩል ጊዜ ነው።

የማታው ውይይት ሲዘጋ የኩዌከሮችን የስብሰባ አሠራር መዋስ ይጠቅማል። በእነርሱ ጉባኤ ድምፅ አይሰጥም፤ ጸሐፊው ጉባኤው የደረሰበትን ሐሳብ እዚያው ጽፎ እዚያው ያነብባል፣ ሁሉም ሲስማማበት ቃለ ጉባኤ ይሆናል። እኛም ሦስት ወይም አራት መስመር ብቻ፣ «ይህ ቀን መታረም አለበት»፣ «ይህ ስም አልተረጋገጠም» እያልን እዚያው ጽፈን እዚያው ብናነብብ፣ ረቂቁ የተነበበለት ሰው ወደ ክፍሉ ሲሄድ የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።

ስለ ዝምታም መጠንቀቅ ይገባል። ከቁርስ በፊት ለሃያ ደቂቃ በዝምታ መቀመጥ ለሚፈልጉ ክፍል ይዘጋጅ፤ ግዴታ ግን አይደረግ። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ኩዌከሮች ላይሆኑ ይችላሉ። ኩዌከሮች ከሆኑትም ውስጥ የኬንያዎቹ አምልኮ በሰባኪና በመዝሙር የሚመራ ስለሆነ፣ ዝምታን ብቻ የኩዌከርነት ምልክት አድርጎ ማቅረብ የታሪኩን ግማሽ መተው ነው።

ሰባተኛው ደረጃ፦ አንድ የመውጫ ቀን

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጽሕፈቱ ይቁም። በአቅራቢያው ፎክስ በስጦታ የሰጠውና በሩ ላይ 1688 የሚል የተቀረጸበት የስዋርዝሙር መሰብሰቢያ ቤት አለ፤ እሱ በእግር ስለሚደረስበት ለማንኛውም ቀን ይተው። ለመውጫው ቀን ሚኒባስ ተከራይቶ ወደ ሴድበርግ መሄድ ይመረጣል፤ በ1675 የተሠራውን የብሪግፍላትስ መሰብሰቢያ ቤትና ፎክስ በ1652 ለብዙ ሰው የሰበከበትን የፈርባንክ ፌል ዐለት በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ዝናብ ከሆነ (በዚያ አገር ዝናብ ነው ብሎ ማቀድ ይሻላል) በኬንዳል መሰብሰቢያ ቤት ያለው 77 ክፍል ያለው የኩዌከር ጥልፍ አማራጭ ነው። ስለ እስር የሚጽፍ ተሳታፊ ካለ ደግሞ የላንካስተር ግንብ ይቀድማል፤ ማርጋሬት ፌል መሐላ አልምልም በማለቷ ከ1664 እስከ 1668 የታሰረችው እዚያ ነውና። ሦስቱንም በአንድ ቀን ለማዳረስ መሞከር ሰውን ሚኒባስ ውስጥ ማዋል ነው።

ስምንተኛው ደረጃ፦ ከተለያዩ በኋላ

በመጨረሻው ጠዋት እያንዳንዱ ተሳታፊ የሠራውን ገጽ ብዛትና የቀረውን ሥራ በአንድ አንቀጽ ጽፎ ይስጥ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዘጋጁ የማታዎቹን ቃለ ጉባኤዎች ሰብስቦ ለሁሉም ይላክ፤ በሦስተኛው ወር ደግሞ ረቂቃቸውን ያነበቡት ስድስቱ የታረመውን ጽሑፍ መልሰው ይላኩ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው ያነበቧቸው ደብዳቤዎች ግልባጭ፣ የቀን እርማቱ ተጨምሮበትና የመዝገቡ ቁጥር ተጽፎበት፣ ለለንደኑ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ፋይል ይላክ፤ ያልተነበቡት ቃላትም በግምት ሳይሞሉ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ባዶ ይተዉ።